ባለትዳር መሆኗን ደብቃ ሳመቻት፣ እኔ ግን ማንበቤን አላቆምኩም

ጥያቄ፦ ዩሪ የሚባሉትን፣ በሴቶች መካከል ያለ ፍቅር የሚተርኩ የጃፓን ማንጋዎች (በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች) አነባለሁ። አሁን የታካኮ ሺሙራን «ኦቶና ኒ ናቴሞ» ይዣለሁ። አስተማሪዋ አያኖ ባለትዳር መሆኗን ሳትናገር አካሪ የምትባል ሴት ትስማለች። ጓደኛዬ «ይሄ ፍቅር ሳይሆን መርዝ ነው» ብላ ተወችው። እኔ ማቆም አቃተኝ። ችግሩ እኔ ጋ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይደለም እህቴ! ጓደኛሽም ግን አልተሳሳተችም። አያኖ ታናድዳለች። አካሪ በምትሠራበት ምግብ ቤት ከባሏ ጋር የመጣችበትን ቦታ አስታውሺ፤ ልጅቷ ሥራዋ ላይ ናት፣ የት ትግባ? እኔ እዚያ ጋ ዘግቼው ቡና ላፈላ ተነሳሁ። ሲፈላ ተመልሼ ከፈትኩት፣ ምን ላድርግ።

እኔን የሚያስጠላኝ ሌላ ነው። አንዷ ሌላዋን ታስገድዳለች፣ ስልኳን ትበረብራለች፣ ከጓደኞቿ ትነጥላለች፣ ከዚያ ሠዓሊው ዙሪያውን አበባ በትኖ «አቤት ፍቅር!» እንድንል ይጠብቃል። ሺሙራ እንዲህ አታደርግም። ባልየውም ሲጎዳ ታሳየናለች፣ ማንንም ጻድቅ አታደርግም።

አንባቢው ቶሎ የሚቆጣው ደግሞ ያለ ነገር አይመስለኝም። ከመጀመሪያዎቹ ዩሪዎች አንዱ የሚባለው የ1971ዱ የሪዮኮ ያማጊሺ ሥራ እንኳ በሞት ነው የሚያልቀው። በለቅሶ የጠገበ ሰው አንድ ደህና ፍቅር ቢያምረው አይፈረድበትም።

ጓደኛሽን አትጎትቻት። አንቺ ቀጥይ፣ 10 ቅጽ ብቻ ነው፣ በ2023 አልቋል።