ቅዳሜ ለሚነሳ ጉዞ አርብ የሚሰጥ ክትባት

ክረምቱ ወጥቶ መጸው ሲገባ ድሬዎች ስለ ሐይቅ ዳር ማውራት ይጀምራሉ። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ውሻ ይዞ ስለመጓዝ ናቸው። የምችለውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሳቢያን የጻፉልኝ የቤተሰብ አባት የሚኒባሳቸውን ወንበር አስነቅለው አልጋ አስገጥመውበታል። ቅዳሜ ሁለት ውሾቻቸውንና ልጆቻቸውን ጭነው በአዋሽ አድርገው ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ ሊነሱ ነው። «ውሾቹ ከግቢ ወጥተው ስለማያውቁ ተከትበው አያውቁም። አርብ ባስከትባቸው ይበቃል? ወይስ ጭራሽ አያስፈልግም?» ይላሉ።

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ አርብ ደግሞ አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተወጋበት ቀን አይሠራም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያዘጋጅ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። አርብ ተወግቶ ቅዳሜ የተነሳ ውሻ ላንጋኖ ሲደርስ ካልተከተበው አይለይም።

ከግቢ ወጥተው አያውቁም ማለትዎ ይበልጥ አሳሰበኝ። በየሐይቁ ዳር ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ አንጀቱና ጭንቅላቱ ስለሚጣል ባለቤት የሌላቸው ውሾች ይሰበሰባሉ። የግቢ ውሻ እንዲህ ያለ መንጋ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ መሸሽም መታገስም አልለመደም። አንዱ ይነክሰዋል፣ ቁስሉ ይደርቃል፣ ሁላችሁም በሰላም ትመለሳላችሁ። በሽታው ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ያን ጊዜ ውሻው የሚጫወተው ከልጆችዎ ጋር ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ ይድናል ተብሎ ተስፋ አይደረግም። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል፤ ከመቶ 99ኙ በሽታው የተላለፈባቸው ከውሻ ነው። ይህን ሁሉ ሞት የሚያስቀር ክትባት እያለ በቸልታ የሚሞት ልጅ ሲኖር ዝም ማለት አልችልም።

እባክዎ ጉዞውን ያራዝሙት። መጸው እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ ኅዳር ለሐይቅ ዳር ከጥቅምት አያንስም። ልጆቹ ካለቀሱ ውሾቹን ለዘመድ ትተው ይሂዱ። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሲሄዱ ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉትን ተላላፊ የውሻ በሽታዎች የሚከላከል ክትባትም ይጠይቁ፣ የትልና የመዥገር መድኃኒት ያሰጡ፣ የክትባት ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ያኑሩ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ። ጎረቤትዎንም ይዘው ይሂዱ፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መዛመቱ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ከከዚራ፤ ትንሿ ውሻዬ ስነዳ ጭኔ ላይ ብትቀመጥስ?

መልስ፦ አይሆንም። ከኋላ፣ ታስራ።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ውሻውን ይዞ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ ፏፏቴው አጠገብ ማደር ይፈልጋል። «የሰለጠነ ውሻ ነው፣ ገመዱንም አልለቅም። የሰው ከብት ፓርኩ ውስጥ እየጋጠ የኔ ውሻ ምን አጠፋ?» ይላል።

መልስ፦ ውሻ ይዞ ብሔራዊ ፓርክ መግባት ክልክል ነው፤ አቢያታ ሻላም እንዲሁ። የከብቱ ነገር ሌላ ነው፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች መሬቱ ፓርክ ተብሎ ሳይከለል በፊት ጀምሮ የሚሰማሩበት ነው። ለሽርሽር ከሚመጣ ሰው ጋር አይነጻጸሩም።

ውሻህ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ባሌ ላይ ታይቷል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ያሉት በሙሉ ቢቆጠሩ 500 አካባቢ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደገናም በ2003 ከሰው ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ ገድሏቸዋል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። በኋላ ደግሞ ዲስቴምፐር መጣ። ያ ሁሉ የመጣው በሰለጠነም ባልሰለጠነም ውሻ ትንፋሽና ምራቅ ነው፤ ገመድ ቫይረስ አይዝም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ እደሩና ፏፏቴውን በተራ ሂዳችሁ እዩ፤ አንዳችሁ ከውሻው ጋር ጥላ ሥር ይቆይ። መኪና ውስጥ ቆልፋችሁበት እንዳትሄዱ! በአዋሽ ፀሐይ ውሻ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። የላንጋኖ ዳርቻ ግን ከፓርኩ ውጭ ነው፤ ውሻ የሚቀበል ማረፊያ መኖሩን ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። አዋሽ ወንዝ ጋ አዞ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ ስላለ ውሻውን ውኃ ዳር አትልቀቁት። ቆቃ ላይ ደግሞ ውኃው አረንጓዴ ሆኖ ካያችሁት እንዳይጠጣ፤ ያ አረንጓዴ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ፦ «ድንኳን ለመትከል ከደረቅ ወንዝ አሸዋ የተሻለ ለጥ ያለ ቦታ የለም፤ ዝናቡም አልፏል።»

መልስ፦ የድሬ ልጅ ይህን መጠየቁ አሳዝኖኛል። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝም እኮ ደረቅ አሸዋ ነበር። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ዝናቡ የዘነበው ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ነው፤ ጎርፉ ሌሊት ተኝተው ያገኛቸውን ከ200 በላይ ሰዎች ይዞ ሄደ። ካሉበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። መጸው ላይም ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይመጣል። ከወንዙ አፍ ወጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉ፤ ውሻችሁንም አሸዋው ላይ አስራችሁ አትተዉት።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት ከጉዞ ስትመለስ ሐረር ጀጎል ውስጥ የጓደኛዋ እናት ቤት ማደር አስባለች፤ ውሻዋ አብሯት ነው።

መልስ፦ ይዘሽው አትግቢ። በብዙ የጀጎል ቤት የውሻ ምራቅ የነካው ነገር የሚታጠብበት የሃይማኖት ሥርዓት አለ። ቤቱም ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ የሚኖርበት ነው፤ የሚሰገደውም እዚያው ነው። እማማ ለእንግዳ ክብር ብለው እሺ ይሉሽ ይሆናል፤ ያንን እሺታ ግን አትቀበይ። ውጭ አስሬው ልደር እንዳትይም፣ ማታ ጅቦቹ ከተማው ውስጥ ይመላለሳሉ፤ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም። ድሬ አሳድረሽው ብቻሽን ወደ ሐረር ውጪ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ልጃቸውን ውሻ ነክሶታል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ውሻው ጠፍቷል፣ ከተመለሱ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። አያቱ የባህል መድኃኒትና ጸበል ይበቃዋል ብለዋል።

መልስ፦ ለእናትየዋ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል! ሦስት ቀን ዘገየ ማለት ቀረ ማለት አይደለም፤ ምልክት እስካልታየ ድረስ ክትባቱ ይሰጣል። የቁስሉ ትንሽነት አያረጋጋችሁ። እንደተነከሰ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። በርበሬ፣ ቡና፣ ቅቤ፣ ቅጠል አታድርጉበት። ነካሹ ውሻ ከተገኘ አትግደሉት፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ። ከጠፋ ግን እንደታመመ ይቆጠራል።

አያት ልጁን ጸበል ይውሰዱት፤ የሚከለክል የለም። ክትባቱን ከጀመረ በኋላ ይውሰዱት፣ የቀጠሮውንም ቀን አንድም እንዳያዛንፉ። ብዙ ወላጅ የሚፈራው ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን፣ ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውን ነው። አሁን ያለው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ነው።

ጥያቄ፦ ውሻችን አወዳይ ላይ መኪና ውስጥ የቀረውን ገራባ (የጫት ትርፍራፊ) በላ፤ ሌሊቱን ሲንጎራደድ አደረ።

መልስ፦ ጫት የውሻንም ልብ ያስሮጣል፣ ሰውነቱንም ያግላል። ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት፣ ውኃ ስጡት፣ ካልተረጋጋ የእንስሳት ሐኪም ይየው። መኪናውንም ከመነሳታችሁ በፊት ጥረጉ።