ማዱራይ ለዓይን ሕክምና ለምትሄዱ፦ የሚናክሺን ቤተ መቅደስ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እዩት

እህቴ፣ «እናቴን ለዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ደቡብ ሕንድ፣ ማዱራይ ልወስዳት ነው፤ እዚያ ያለውን ሚናክሺ የምትባል የሂንዱ ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ ማየት እንችላለን ወይ? ታሪኩስ ምንድን ነው?» ያልሽውን ሳነብ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም እናቴን ይዤ እዚያው ከተማ 13 ቀን ተቀምጫለሁ። የቪዛውን ነገር ሌሎች ነግረውሻል፤ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ከኦፕራሲዮኑ በፊት ውሰጃት። ለምን እንደምልሽ ወረድ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

2. ቀትር ላይ እንዳትሄጂ። በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋና 10 ሰዓት ነው የሚከፈተው። እኔ ይህን ሳላውቅ፣ ካረፍንበት አጠገብ ያለ የአስጎብኚ ቢሮ «እስከ ውስጠኛው ክፍል ድረስ እናስገባችኋለን» ብሎ 6000 ሩፒ ተቀበለኝ። አስጎብኚው ያደረሰን ልክ በሩ ሲዘጋ ነበር። «ችግር የለም፣ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ» ብሎ ከበሩ ፊት ለፊት ወዳለ የምንጣፍ ሱቅ አስገባን። እናቴ ግድግዳ እየዳበሰች ሦስት ፎቅ ወጣች። ከጣሪያው ላይ ግንቦቹ ወለል ብለው ይታያሉ፤ ጎፑራም ይሏቸዋል፣ 14 ናቸው፣ የደቡቡ ከ50 ሜትር ያልፋል። ከሥር እስከ ጫፍ በአማልክት፣ በአውሬና በዘበኛ ምስል የተሸፈኑና ቀለም የተቀቡ ናቸው። እናቴ ግን በዚያ ዓይኗ «ቀለም ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሻርፕ ግዙ እያሉ አደረቁን።

10 ሰዓት ላይ ገባን። ውስጠኛው በር ስንደርስ «ከሂንዱ በቀር መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አስጎብኚው ዘወር ብል የለም። ወደ ቢሮው ተመልሼ ገንዘቤን ስጠይቅ ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ጽሑፉን አላነበብክም?» አለኝ። የከፈልኩት እኮ ጽሑፉን ከማየቴ በፊት ነው! በማግስቱ እናቴ ኦፕራሲዮን ገባች። ስለዚህ ማንም «ውስጥ አስገባሻለሁ» ቢልሽ ውሸቱን ነው። ውስጠኛው ክፍል የሚናክሺና የባሏ የሱንዳሬሽዋራር መንበር ነው፤ ሱንዳሬሽዋራር ራሱ ሺቫ ነው፣ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ። እናቴ በክልከላው አልተቀየመችም። «እኛስ መቅደስ ማንን እናስገባለን?» አለች። ኋላ ላይ ግን አንድ ነገር ሰማን፤ እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ድረስ ዝቅተኛ የሚባሉት የገዛ አገራቸው ሰዎች ራሳቸው እዚያ መግባት አይችሉም ነበር። ቫይድያናታ አይየር የሚባል ብራህሚን (ከፍተኛ ከሚባለው የካህናት ወገን የሆነ ሰው) ነው በዚያ ዓመት ይዟቸው የገባው። ይህን ስትሰማ ዝም አለች።

3. ታሪኩን ከአስጎብኚ አትጠብቂ። እኔ የሰማሁት ካረፍንበት፣ አባቷን ልታሳክም ከመጣች የዚያው አካባቢ ሕዝብ፣ የታሚል ልጅ ነው። ማላያድዋጃ የሚባል፣ ማዱራይን ይገዛ ከነበረው ከፓንድያ ሥርወ መንግሥት የሆነ ንጉሥና ሚስቱ ካንቻናማላ ልጅ አጥተው የእሳት መሥዋዕት ያቀርባሉ። ከእሳቱ የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ወጣች፤ ሚናክሺ ነች፤ ጡቷ ግን ሦስት ነበር። «እንደ ወንድ አሳድጓት፤ ባሏን ስታገኝ ሦስተኛው ይጠፋል» የሚል ድምፅ ተሰማ። አደገች፣ ነገሠች፣ በአራቱም ማዕዘን ዘመተች። በመጨረሻ የሺቫ መኖሪያ በሚባለው ካይላሽ ተራራ ላይ ከሺቫ ጋር ልትዋጋ ስትጋፈጥ ሦስተኛው ጡት ጠፋ። ያቺ ጀግና አንገቷን ደፋች። ማዱራይ ላይ ተጋቡ፤ ወንድሟ የሚባለው ሌላው አምላክ ቪሽኑ ዳራት። በየዓመቱ ሚያዝያ ግድም ከተማው በሙሉ ሰርጉን ያከብራል። በዚያ አገር ሚስት የምታዝበትን ቤት «ማዱራይ»፣ ባል የሚያዝበትን ደግሞ ሺቫ በሚበረታበት በሌላው የቤተ መቅደስ ከተማ ስም «ቺዳምባራም» ይሉታል፤ ምእመናንም መጀመሪያ እሷን ነው የሚሳለሙት።

ሚናክሺ ማለት ዓይኗ እንደ ዓሣ የሆነ ማለት ነው። ዓሣ ዓይኗን አትጨፍንም፣ እንቁላሏንም በማየት ብቻ ትፈለፍላለች ይላሉ፤ እሷም ሕዝቧን እንዲሁ ሳትጨፍን ታያለች። ይህን ሰምቼ ለእናቴ በተረጎምኩላት ቀን፣ ማዱራይ የዓይን ሕክምና አገር መሆኗ አልገረማትም።

ሕንጻው ብዙ አይቷል። በ1311 እ.ኤ.አ. የዴልሂው ጦር አዛዥ ማሊክ ካፉር ዘረፈው፤ ዛሬ የምናየውን አብዛኛውን የሠሩት በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማዱራይን የገዙት የናያክ ነገሥታት ናቸው። የሺህ አዕማድ አዳራሽ የሚሉት አለ፣ ቢቆጠር 985 ነው። ስልክ ውስጥ አይገባም፤ በ2018 እ.ኤ.አ. እሳት ከተነሣ ወዲህ ከልክለዋል። በር ላይ ያስቀምጡታል።

አሁን ዋናው። ኦፕራሲዮኑ በተደረገ በስድስተኛው ቀን ማታ፣ ያለ አስጎብኚ፣ በባጃጅ ተመልሰን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ። በር ላይ ያለች አበባ ሻጭ የነጠላውን ጥለት በጣቷ ዳሰሰችና ሳቀች። የተጎነጎነ የማዱራይ ጃስሚን ነው የምትሸጠው። እናቴ «ስንት ነው?» ብላ በእጅ ስትጠይቃት ሴትዮዋ ምን አደረገች መሰለሽ፤ አበባውን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ዘርግታ ለካች። በክንድ! እናቴ «ይቺማ የእኛ ነች» ብላ ሁለት ክንድ ገዛች።

የወርቅ ሎተስ የሚሉት ኩሬ ዳር ደረጃው ላይ ተቀመጥን። በውኃው ውስጥ ዓሣ አይኖርም ይባላል፤ ዓሣ መብላት የተወ አንድ ወፍ ዘሮቹ እንዳይፈተኑ ሺቫን ለምኖ ነው አሉ። ማታ 3 ሰዓት ግድም ከበሮና መለከት ተሰማ። ካህናቱ የሺቫን እግር ምስል በብር ያጌጠ ትንሽ ጎጆ በመሰለ ነገር ውስጥ አድርገው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ወደ ሚናክሺ መኝታ ክፍል ይወስዱታል። በየሌሊቱ ነው ይህ። ጠዋት ይመለሳል። ይህን ለማየት ሂንዱ መሆን አያስፈልግሽም፤ ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ በአጠገብሽ ያልፋል። እናቴ ከበሮውን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ታቦት ሲወጣ እንደምትነሣው። ግን የእጣኑ ጭስ ኮሪደሩን ሞላው፣ የተሠራው ዓይኗ ያነባ ጀመር፣ ሐኪሙ ጭስ አታስነኳት ብሎ ነበርና እጇን ይዤ ወጣሁ። ጎጆዋን ከጀርባ ብቻ ነው ያየቻት።

ያን የመጀመሪያ ቀን በዚያ ሱቅ ጣሪያ ላይ ባላባክነው፣ ማታውን ጠብቄ ብወስዳት ኖሮ፣ በደብዛዛውም ዓይኗ ቢሆን ቆማ እስከ መጨረሻው ታይ ነበር። አንቺ ከገባችሁ ቀን ጀምሮ አንድ ማታ ለዚህ ተዪ፤ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ በግንባር የሚቀባ ቀይ ዱቄት ቢሰጧችሁና ካልፈለጋችሁ እጅ ነስቶ ማለፍ ይቻላል። የሚገርፍሽ የለም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ብቻ ከተመቻችሁ ደግሞ ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ጠብታዋን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ኩሬው ዳር ንጹሕ አየር ያለበት ቁሙ፤ ከበሮው ከዚያም ይሰማል።