የስልኬ ስም ዝርዝር ምን ያደርግላችኋል?

ባለፈው ቅዳሜ ከብሎካችን ሥር ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ቱሉ ዲምቱ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ስለሚመጣ ወደ ውስጥ ጠጋ ብለናል። አንዱ ልጅ ድንገት «ጋሼ፣ ለሰው ገመና የሚያስበው አፕል ነው ጎግል?» አለኝ። ኮዲንግ እየተማረ ያለ ልጅ ነው። ጓደኞቹም ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «ቆይ፣ ጽፌ እልክላችኋለሁ» ብዬ አመለጥኩ።

ይኸው ጻፍኩ። ለእሱ ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ላፕቶፕ ታቅፋችሁ አፕ መሥራት ለምትማሩ ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ላንሳ። እናንተ «ፕራይቬሲ» ትላላችሁ። መጻሕፍቱ «ግላዊነት» ይሉታል። እኔ ግን ልጁ «ገመና» ማለቱን ወደድኩለት። ገመና የሚሸፈን ነገር ነው። የሚሸፍነው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ያየ ሁሉ ነው። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ኩባንያ ስለ ገመና የሚለውን ከመስማታችሁ በፊት እንጀራው ከየት እንደሚመጣ እዩ። አፕል በዋናነት ዕቃ ይሸጣል። ጎግል አንድሮይድን በ2005 ገዛው (በፈረንጆቹ የምቆጥረው ነገሩ የእነሱ ስለሆነ ነው)፤ ከዚያ ለስልክ አምራቾች በነጻ አደለው። ገንዘቡን በዋናነት የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። ፌስቡክም እንደዚያው። ስለዚህ አፕል «እኛ በመረጃችሁ አንነግድም» ሲል ውሸት ነው አልልም። ግን ሥጋ የማይወድ ሰው ሁዳዴን ቢጾም ምን ይከብደዋል?

ትልቁ ጠብ የፈነዳው ስክሪን ላይ ብቅ ብላ ፈቃድ በምትጠይቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ስማርት ስልክ ለማስታወቂያ የተሰጠ መለያ ቁጥር አለው። እንደ መኪና ታርጋ አስቡት። ታርጋ ስማችሁን አይናገርም። ነገር ግን ጠዋት ሳሪስ ላይ ያያችሁ ሰውና ማታ ቃሊቲ ላይ ያያችሁ ሰው ማስታወሻቸውን ቢያስተያዩ ውሎአችሁን ያውቁታል። አፖችም እንደዚያ ናቸው። ጫማ ያያችሁበት አፕና ዜና ያነበባችሁበት አፕ በዚያች ቁጥር ይገናኛሉ። ኤፕሪል 2021 ላይ አፕል የአይፎኑን ሶፍትዌር አይኦኤስ 14.5ን ሲያወጣ አዲስ ግዴታ አመጣ። ማንኛውም አፕ ተጠቃሚውን በሌሎች ኩባንያዎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ መከታተል ከፈለገ አስቀድሞ ይጠይቅ አለ። ሁለት ቁልፍ ብቻ፦ ይከታተለኝ፣ አይከታተለኝ።

ፌስቡክ የሚመጣውን ስላወቀ ቀደም ብሎ ዲሴምበር 2020 ላይ በትልልቆቹ የአሜሪካ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አስነግሮ ነበር። «ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስንል አፕልን እንቃወማለን» የሚል። አንጀት የሚበላ ነገር ነው መቼም። አልሠራም። ሳጥኗ መጣች፤ ብዙ ሰውም «አይከታተለኝ» የሚለውን ነካ። ፌብሩዋሪ 2022 ላይ፣ ያኔ ስሙን ሜታ ብሎ ቀይሯል፣ ኩባንያው ይህ ነገር በዚያ ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያሳጣኛል ብሎ ተናገረ። በማግስቱ አክሲዮኑ 26 በመቶ ወረደ። በአንድ ቀን ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ተነነ። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን ያቺ ሳጥን እጇ አለበት።

አልዋሻችሁም፣ ዜናውን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ስቆይ፣ ተጠቃሚውን መጠየቅ ብቻ ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው። ማንም አልተከለከለም። ተጠየቀ፣ በቃ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ጎግልን በከሰሰበት ችሎት አንድ ቁጥር ወጣ። ጎግል በአፕል ስልክ ላይ ሳፋሪ በሚባለው ማሰሻ ውስጥ ዋናው የፍለጋ ሞተር ሆኖ እንዲቀመጥ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በዚያው ጉዳይ ዳኛው ኦገስት 2024 ላይ ጎግል በፍለጋ ገበያው ሕገወጥ ሞኖፖሊ ነው ብለው ፈረዱ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ገንዘቡን የተቀበለው ነው። በአንድ በኩል «አትከታተሉ» ብሎ በር ላይ ዘበኛ ያቆማል። በሌላ በኩል ደግሞ ሳሎኑን ከማስታወቂያ ለሚኖረው ያከራያል። የፈረንሳይ የውድድር ባለሥልጣንም ማርች 2025 ላይ በዚያችው ሳጥን ጉዳይ አፕልን 150 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ሐሳቡ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን አተገባበሩ ያልተመጣጠነ ነው ብሎ።

ልጄ፣ እንግዲህ ለጥያቄህ ያለኝ መልስ ይህ ነው፤ ሁለቱም ነጋዴ ናቸው። ጠባቸው አንዳንዴ ይጠቅመናል፣ ሲታረቁ ግን አያማክሩንም።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ያን ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ አምስት ስልክ ነበር። አንዱ አይፎን ነው፤ ያገለገለ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ። ቀሪዎቹ ቴክኖ፣ ሳምሰንግና ኢንፊኒክስ፣ ሁሉም አንድሮይድ። ያቺ ቢሊዮኖች ያስከፈለች ሳጥን በአራቱ ላይ የለችም። አንድሮይድም ላይ የማስታወቂያ መለያውን መሰረዝ ይቻላል። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ሰቲንግ ውስጥ የማስታወቂያውን ክፍል ፈልጋችሁ ገብታችሁ ታጠፉታላችሁ። ግን ፈልጋችሁ ነው። ማንም መጥቶ አይጠይቃችሁም። አንዱ ጋ በር ተንኳኩቶ «ልግባ ወይ?» ይባላል። ሌላው ጋ «ካልፈለግክ መዝጊያው ጓዳ ውስጥ አለልህ» ይባላል። እዚህ ገንዘብ ቆጥቦ በርካሽ ስልክ የሚጠቀመው ሰው የሚደርሰው ሁለተኛው ነው። ገመና መሸፈኛ ከስልኩ ዋጋ ጋር ሲሸጥ አይገርምም?

ደግሞ ሁሉም ነገር ከትልልቆቹ አይመጣም። የብሎካችን ደረጃ መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ነው። ያኔ ስልኮች የእጅ ባትሪ መብራት አብሮአቸው ሳይመጣ፣ ሁላችንም የባትሪ አፕ አውርደን ነበር። በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንዱን የአንድሮይድ ባትሪ አፕ ያዘ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የጫነው ነው። መብራት ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም። ግን የስልኩን ቦታና መለያ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ይልክ ነበር፤ ተጠቃሚው ውሉን ከመቀበሉ በፊት ጭምር። የሠራው ትንሽ ድርጅት ነው። እንደ እናንተ ያለ፣ እንደ እኔ ያለ።

እንደ እኔ ያልኩት ለወግ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዕድራችን አፕ ሠራሁ። በነጻ ነው፣ ለበረከት ያህል። የወር መዋጮ ይመዘገብበታል፤ ልቅሶ ሲኖር ለአባላት መልእክት ይሄዳል። ገንዘብ ያዣችን የተከበሩ እናት ናቸው። መዝገባቸው በፌስታል የተጠቀለለ ባለ መስመር ደብተር ነው፣ ማን እንደከፈለ በቀይ ማን እንደቀረ በሰማያዊ። (ለምን ተገልብጦ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።) ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ከፈቱት። አንድ ሳጥን ብቅ አለ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።

«ኢንጂነር፣ የስልኬን ስም ዝርዝር ልይ ይላል። የስልኬ ስም ዝርዝር ምን ያደርግላችኋል?»

መልስ አልነበረኝም። የአባላቱ ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ተመዝግቧል። የእሳቸው ስልክ ውስጥ ያለው ስም ዝርዝር ለምንም አይጠቅመኝም።

«እዚህ ውስጥ የንስሐ አባቴ አሉ» አሉኝ። «ዱቤ የምሰጣቸው አሉ። ከባሏ ተጣልታ እኔ ጋ የከረመች ልጅ አለች። እኔ እሺ ብል እነሱን ማን ጠየቃቸው?»

እዚያው ቆሜ አፈርኩ። ያ ፈቃድ መጠየቂያ ከየት መጣ? ከድሮ ሥራዬ የገለበጥኩት ኮድ ውስጥ ነበር። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቦታ አለቃዬ «ለማንኛውም ሰብስቡት፣ አንድ ቀን ይጠቅመን ይሆናል» ይል ነበር። ቦታውን፣ ስም ዝርዝሩን፣ ፎቶውን። አንድም ቀን አልጠቀመንም። ተሰብስቦ ሰርቨር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ስለቅ ማን እንደሚያየው አላውቅም ነበር። ያን ልማድ ነው ሳላስተውል ለጎረቤቶቼ ይዤ የመጣሁት። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው፤ እኚያ እናት ስለ ራሳቸው ገመና አልነበረም የተቆጡት። ስልካቸው ውስጥ ስላለው ስለ ሌላው ሰው ገመና ነው።

ይህ ነገር የት እንደሚያደርስ ለማየት በስልክ ብድር የሚሰጡ አፖችን ተመልከቱ። በየአገሩ ተበዳሪው ሲዘገይ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ላሉ ዘመዶቹ እየደወሉ የሚያዋርዱ መጡ። ጎግል ከሜይ 31፣ 2023 ጀምሮ የግል ብድር አፖች ስም ዝርዝርና ፎቶ እንዳይነኩ ከለከለ። ጥሩ አደረገ። ግን ያን ኮድ መጀመሪያ የጻፈው ጎግልም አፕልም አይደለም። አንድ ደሞዝ የሚጠብቅ ወጣት ነው።

ስለዚህ ከትልልቆቹ ጠብ ይልቅ የራሳችሁን ማኒፌስት ፋይል፣ አፑ የሚጠይቃቸው ፈቃዶች የሚዘረዘሩበትን፣ አንብቡ። የጻፋችሁትን ማለቴ አይደለም፤ አፑ ሲገነባ ተዋህዶ የሚወጣውን። ተጠቃሚ ለመቁጠር ወይም ማስታወቂያ ለማስገባት ብላችሁ የሌላ ኩባንያ የተዘጋጀ ኮድ ስትጨምሩ፣ ያ ኮድ የራሱን ፈቃዶች ይዞ ይገባና ከእናንተው ጋር ይደባለቃል። ያልጠየቃችሁት ሎኬሽን በእናንተ ስም ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር ብታዩት ትደነግጣላችሁ። ነጻ ነው የተባለውን ኮድ ስታወርዱ ማን እንደሚከፍልለት ጠይቁ።

አማርኛ የምንጽፍባቸው ኪቦርዶችም አሉ። አንድሮይድ አዲስ ኪቦርድ ስታበሩ ያስጠነቅቃል፤ የይለፍ ቃልን ጨምሮ የምትጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል ይላል። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ኪቦርድ አንድ ነው፣ ለጨዋውም ለሌባውም። ስለዚህ ማንም አያነበውም። ኪቦርድ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ለናንተ ያለኝ ልመና አጭር ነው፤ ኢንተርኔት የሚለውን ፈቃድ አውጡት። ፊደል ለመጻፍ ኢንተርኔት ምን ያደርጋል?

ሕግም መጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ለተገለጸ ዓላማ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ሰብስቡ ይላል። አንብቡት። ሥራ ፍለጋ ስትሄዱም ይጠቅማችኋል፤ አለቃችሁ «ለማንኛውም ሰብስበው» ሲላችሁ «አዋጁ አይፈቅድም» ማለት «ደስ አይለኝም» ከማለት ይቀላል።

አለቃ ተጋፈጡ እያልኩ እንዳልሆነ ግን ይግባችሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ እናት አለች። እኔም በናንተ ዕድሜ ዝም ብዬ ጽፌያለሁ። ቢያንስ ጥያቄ ጠይቁ። ይህን መረጃ ማን ይከፍተዋል? የት ይቀመጣል? መቼ ይጠፋል? ብዙ ጊዜ መልስ የለም፤ መልስ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ራሱ ከዕቅዱ ሲወጣ አይቻለሁ። ተንኮል ሳይሆን ስንፍና ነው አብዛኛው። የኔም ስንፍና ነበር።

የዕድሩን አፕ በማግስቱ አስተካከልኩት። ስም ዝርዝሩን አወጣሁ፣ ሎኬሽኑን አወጣሁ፣ ፎቶውንም። ምንም አልጎደለም። እንዲያውም በፍጥነት ይከፈታል። ይዤላቸው ሄድኩ። ከፈቱት፤ ሳጥን አልመጣም። ትንሽ ጠበቁ፣ አሁንም አልመጣም። መነጽራቸውን አወለቁ።

አሁን በየወሩ ስብሰባ ላይ ስልኩን ይዘው ይመጣሉ። ደብተሩንም ይዘው ይመጣሉ፣ በዚያው ፌስታል። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ይጽፋሉ፤ ስልኩ ላይ የሚሞሉት ከዚያ በኋላ ነው።