ቻቬዝ ከ2004ቱ ሕዝበ ውሳኔ እንዴት ተረፈ? ጥያቄና መልስ

በ2004 ከሥልጣን ይውረድ አይውረድ ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ስለሰጠበት የቬንዙዌላ ፕሬዚዳንት ስለ ሁጎ ቻቬዝ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንትን ዘመኑ ሳያልቅ በድምፅ ማውረድ ይቻላል እንዴ?

እዚያ ይቻላል። ቻቬዝ ራሱ ያስጸደቀው የ1999 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 72 ይፈቅዳል። ዘመኑ ሲጋመስ ከመራጩ 20 በመቶው ከፈረመ ድምፅ ይሰጣል። ብልጫ ብቻ ግን አይበቃም። «ይውረድ» ያሉት መሪውን ከመረጡት ማነስ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ያዳነው ኢኮኖሚው ነው የሚባለው እውነት ነው?

በአብዛኛው አዎ። በ2002 መጨረሻ የተጀመረው የሥራ ማቆም አድማ ለሁለት ወር ያህል ነዳጁን አደረቀው። የነዳጅ አገር ሕዝብ ለቤንዚን ተሰለፈ! በ2003 ኢኮኖሚው በ8 በመቶ ገደማ ወረደ። ቻቬዝ ከመንግሥት የነዳጅ ድርጅት 18 ሺህ ያህል ሠራተኛ አባሮ ድርጅቱን በእጁ አስገባ። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወጣ፤ በ2004 ዕድገቱ 18 በመቶ ገደማ ሆነ። ብዙው ግን ከወደቀበት መነሳት ነው፤ ይሄ መዘንጋት የለበትም።

ደግሞ ሰው መቶኛ አይበላም። በዋና ከተማዋ በካራካስ ተራሮች ላይ ባሉት የድሃ ሰፈሮች የኩባ ሐኪም መጥቶ እዚያው መኖር ጀመረ። መርካል በሚባሉት ሱቆች ዱቄትና ዘይት በቅናሽ ተገኘ። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ደብተር ያዙ። ይህ ሁሉ የተጀመረው በ2003 ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተቃዋሚዎች ለምን ቶሎ አላስደረጉትም?

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ፊርማው የተሰበሰበው በ2003 መጨረሻ ነው። ምርጫ ቦርዱ ብዙውን አጠራጣሪ ብሎ ፈራሚዎቹ በግንቦት 2004 ቀርበው እንዲያረጋግጡ አደረገ። ያለፈው እያንዳንዱ ወር ለቻቬዝ ሠራለት። ድምፁ ከዓመት በፊት ቢሰጥ ሊሸነፍ ይችል እንደነበር ራሱ በኋላ ተናግሯል። እኔም ከምንም በላይ ያዳነው ጊዜ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ አልተጭበረበረም?

ነሐሴ 15 ቀን 59 በመቶው «አይውረድ» አለ። ተቃዋሚዎች ተጭበርብሯል አሉ፤ የካርተር ማዕከልና የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ታዛቢዎች ግን ውጤቱን ተቀበሉ። እኔም እቀበላለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የፈራሚዎቹ ስም ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ በዚያ ሰበብ ከመንግሥት ሥራ የተባረረና የተከለከለ ብዙ ነው። ፊርማ ሕጋዊ መብታቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ከዚያ ወዲህስ ተሞከረ?

በ2016 በቻቬዝ ተተኪ በፕሬዚዳንት ማዱሮ ላይ። ያኔ ነዳጁ ረክሶ፣ ሱቁ ባዶ ሆኖ ነበር። ፊርማ የማሰባሰቡ ሂደት በጥቅምት ታገደ፤ ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥ ቀረ።