«ወይ ሥራሽን ወይ ትዳርሽን ምረጪ» ተብያለሁ፤ ልጆቼንና ቤቴን አጣለሁ?

ጥያቄ፦ ተዋናይት ነኝ። በመድረክ ጀምሬ በፊልምና በተከታታይ ድራማ 20 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ የ14 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። አሁን ደግሞ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ባለቤቴ «ከዚህ በኋላ ይበቃሻል፤ ወይ ሥራሽን ወይ ትዳርሽን ምረጪ» ይለኛል። «ብንፋታ ሌሊት ለቀረጻ ለምትወጣ እናት ልጅ አይሰጧትም፤ ቤቱም በእኔ ስም ነው፤ እሸጠዋለሁ» ብሎኛል። ቤቱን የገዛነው ከ11 ዓመት በፊት፣ ከተጋባን በኋላ ነው። ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ፊልም ያገኘሁት ገንዘብ ነበር። ክፍለ አገር ለቀረጻ ስወጣ እንዲመቸን ብዬም ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ከአራት ወር በፊት ደግሞ ማርገዜን ስናገር ከምሠራበት ድራማ አወጡኝ። ገጸ ባሕርይዋ «ውጭ አገር ሄደች» ተባለ። የአምስት ክፍል ክፍያዬም አልተሰጠኝም። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያስጨነቀዎት ትዳሩና ልጆቹ እንደሆኑ ይገባኛል። እኔን ግን በመጀመሪያ ያሳሰበኝ በመሃል ጣል ያደረጓት አንዲት ቃል ናት፦ ውክልና።

ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ቅጂው ካለዎት አውጥተው ያንብቡት። ከሌለዎት የተመዘገበበት ውልና ማስረጃ ሄደው ቅጂ ይጠይቁ። በሕጋችን ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ሲፈርም «የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ» የሚለው መስመር እዚያው ውስጥ ተጽፎ ያገኘዋል። ሳያነብ ይፈርማል። ይህ መስመር በእርስዎ ውክልና ውስጥ ካለ፣ ባለቤትዎ ቤቱን ሲሸጥ የእርስዎን ፈቃድ ይዞ እንደመጣ ሊቆጠር ይችላል። ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፤ የባለቤትዎ ስምምነት አያስፈልግም። መሻሩን ደግሞ ለእሱ በጽሑፍ ያሳውቁት። ይህን በዚህ ሳምንት ያድርጉት፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለቤትዎ ሥራዎን እንዲተዉ የማዘዝ ሥልጣን የለውም።

ይህ ሥልጣን አለኝ ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም፤ በአንድ ወቅት ሕጉ ራሱ ወደዚያ ያደላ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርገው ነበር። የትዳር ጓደኛ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲባል የሌላውን ሥራ ሊቃወም የሚችልበት በርም ነበረው። ያ ሕግ በወጣበት ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መታየቷ ራሱ ገና አዲስ ነገር ነበር። ከእነ አስናቀች ወርቁ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ያን በር ዘጋው። ቤተሰብን የሚመሩት ባልና ሚስት በጋራ ናቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 በጋብቻ ዘመንም በፍቺ ጊዜም እኩል መብት አላችሁ ይላል። በአንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ ሥራውንና ሙያውን የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያገባ፣ ያላገባ ብሎ አልለየም።

እንግዲህ ባለቤትዎ ሊያዝኑ፣ ሊከፋቸው፣ «ቤት አትገኚም» ብለው ሊወቅሱ ይችላሉ። ወቀሳውም እውነት ያለበት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ቤታችሁ ውስጥ የለሁም። ነገር ግን ቅሬታ ሌላ፣ ፈቃድ ሌላ ነው። እርስዎ ፈቃድ አይለምኑም። ሁለታችሁም ልጆቹን በጋራ የመንከባከብ ግዴታ አለባችሁ፤ እሱም ጭምር። ወንድ ተዋናይ «ለቀረጻ ስትወጣ ልጆችህን ማን ያያቸዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ልጆቹ የነገረዎት ግን ብዙ እናቶችን ዝም የሚያሰኝ ማስፈራሪያ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ልመልስ።

«የሌሊት ሥራ ያላት እናት ልጅ አታሳድግም» የሚል ሕግ የለም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ልጆች ከማን ጋር ይኑሩ የሚለውን ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። ሙያ በራሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሥራ ሰዓትዎ ሊነሳ ይችላል፤ ሲነሳ ግን ጥያቄው «አርቲስት ናት ወይ?» አይደለም። «ልጆቹ ከማን ጋር ሲሆኑ ይሻላቸዋል?» ነው።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ እዚህ ላይ ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። አንድ አባት ልጄን ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። ልጁን ያሳደገችው ግን አክስቱ ነበረች። ችሎቱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ከሁሉ ይቀድማል አለ፤ ልጁም ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። ወላጅ መሆን ብቻውን አልበቃም። በየቀኑ ማን አሳደገው የሚለው መዘነ። ይህ ለእርስዎም ለባለቤትዎም የሚሠራ ነው።

ስለዚህ የማሳደጉን ማስረጃ መያዝ አለብዎት። አንድ ጊዜ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል የሥራ ጸባይ ያላት እናት ደንበኛ ነበረችኝ። ቢሮዬ ስትመጣ በፌስታል የጋዜጣ ቁርጥራጮችና የሽልማት ወረቀቶች ይዛ መጣች። «እነዚህ አይጠቅሙንም፤ የልጆቹ ነገር የለም?» አልኳት። በማግስቱ የትምህርት ቤቱን የመገናኛ ደብተር አመጣች። መምህሯ በየዕለቱ የጻፈችው፣ በሥሩ የወላጅ ፊርማ ያለበት። ገጽ በገጽ የእናት ፊርማ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የሜካፕ ዱቄት አለበት፤ ልጅቷን ቀረጻ ቦታ ድረስ አስመጥታ ነበር የምታስጠናት። ዳኛዋ ያን ደብተር ሲያገላብጡ አስታውሳለሁ። ከምስክሮቹ ሁሉ ያ ደብተር ነው የተናገረው።

እርስዎም የክትባት ካርዳቸውን፣ የሕክምና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የመገናኛ ደብተራቸውን ሰብስበው አንድ ቦታ ያስቀምጡ። ሌሊት ሲወጡ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድሩም ግልጽ ይሁን፤ እናትዎ ይሁኑ፣ እህትዎ፣ ሞግዚት። የ14 ዓመቷን ልጅ ፍርድ ቤቱ ሐሳቧን ሊጠይቃት ይችላል። አደራዎን፣ ምን እንደምትል አያለማምዷት። ዳኞች ይገባቸዋል፤ ልጅቷም ትጎዳለች።

ወደ ቤቱ እንምጣ። «በእኔ ስም ነው» የሚለው ነገር በትዳር ውስጥ ብዙ ክብደት የለውም። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 62 መሠረት በትዳር ጊዜ ከግል ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። በአንቀጽ 63 ደግሞ ንብረት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው ባዩ ነው የሚያስረዳው። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ግድ ነው፤ ይህ አንቀጽ 68 ነው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ቢሸጥ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። ግን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ነው ያለዎት፤ ባያውቁም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ ያበቃል። ገዢ እያፈላለገ መሆኑን ካወቁ ሽያጩ እስኪፈጸም አይጠብቁ። ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ይጠይቁ።

የማይጥምዎትንም ልንገርዎት። ከሁለቱ ፊልሞች ያገኙት ገንዘብ በትዳር ውስጥ የተገኘ ከሆነ እሱም የጋራ ነው። «ቅድሚያ ክፍያው የእኔ ስለሆነ ቤቱም የእኔ ነው» ማለት አይችሉም። በባንክ በስምዎ ያለው ቁጠባም እንደዚሁ። ደመወዝዎን በራስዎ ተቀብለው በስምዎ ማስቀመጥ መብትዎ ነው፤ ቢፋቱ ግን ሲከፋፈል ይቆጠራል። ከመጋባታችሁ በፊት የነበረዎት ንብረት ካለ ያ ሌላ ነው፤ ማስረጃውን ይፈልጉ። የምነግርዎት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራውን ሕግ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ መሠረተ ሐሳቡ ተቀራራቢ ቢሆንም አንቀጾቹ ይለያያሉ።

ይህን ሁሉ ማለቴ ፍቺ ይጠይቁ ማለቴ አይደለም። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት መፋታት አልፈለጉም። የሁለታችሁንም ነገር የሚያውቁ፣ ለአንዱ ብቻ የማያደሉ ሽማግሌዎች ካሉ ይቀመጡ። ውይይቱ ግን «ትሥራ ወይስ አትሥራ» ላይ እንዳይወሰን። ስንት ሌሊት በወር? በዓል ላይ ትርኢት ሲኖር ልጆቹ የት? እሱ በየትኛው ቀን ከልጆቹ ጋር ይውላል? በእናንተ ሙያ በዓል የሥራ ቀን መሆኑን አውቃለሁ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ከዚያ ነው። የተስማማችሁበትን ጻፉት። ፍቺ ቢመጣም ፍርድ ቤቱ ሐሳባችሁን እንድትመረምሩ ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል።

የቀረው ከድራማው መውጣትዎ ነው። ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ ይህ ነው።

ተዋናይ ሁሉ በሕግ «ሠራተኛ» አይባልም። ለአንድ ፊልም ተስማምቶ፣ ሠርቶ፣ ተከፍሎት የሚሄድ ሰው በፍትሐ ብሔር ውል ነው የሚታየው። እርስዎ ግን በተከታታይ ድራማ ነው የሠሩት። የቀረጻ ሰዓት እነሱ ከወሰኑ፣ አልባሳቱን እነሱ ከሰጡ፣ በአዘጋጁ ትእዛዝ ሥር በየሳምንቱ ከሠሩ፣ ሠራተኛ ነኝ ብለው የሚከራከሩበት ጥሩ መሠረት አለዎት። በክፍል ሂሳብ መከፈልዎ ብቻውን ይህን አያፈርሰውም። የውሉ ቅጂ በእጅዎ ባይኖርም መብትዎን አያጡም። በቴሌግራም የተላከልዎት የቀረጻ ፕሮግራም፣ የባንክ ገቢ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ ምስክርነት ይጠቅማሉ።

ሠራተኛ ከተባሉ በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ያግዝዎታል። እርጉዝን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ አለ። በእርግዝና ጊዜና ከወለዱ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትም አይቻልም፤ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ምክንያት ካልኖረ በቀር። ማርገዝዎን በተናገሩ ማግስት ገጸ ባሕርይዋን ውጭ አገር መላክ ምን ዓይነት ምክንያት እንደሆነ እነሱ ያስረዱ።

ነገር ግን ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር፤ አልፏል። ያልተከፈለ ደመወዝና ከስንብቱ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን ለመጠየቅ 6 ወር ነው ያለው። አራቱ ሄደዋል። የቀሩት ሁለት ወራት እርስዎ የሚወልዱባቸውና አራስ ቤት የሚሆኑባቸው ናቸው። ስለዚህ ሳይወልዱ በፊት ለጠበቃ ውክልና ሰጥተው ይጨርሱ፤ ክሱን እሱ ያቀርብልዎታል። ለባለቤትዎ የሰጡትን ውክልና ሊሽሩ ውልና ማስረጃ በሚሄዱበት ቀን፣ በዚያው የጠበቃውንም ይፈርሙ። መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ፤ ይህኛውን ግን እያንዳንዱን መስመር አንብበው ይፈርሙ።