«ዋጋ ጨመረ» ወይስ «ዋጋ ጨመሩብን»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አሜሪካ ላሉ አማርኛ ተናጋሪ መራጮች የምርጫ በራሪ ወረቀት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እጩዋ «ተራማጅ (ፕሮግሬሲቭ) ነኝ» የምትል ናት፤ ነገሯ ሁሉ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ግብር ነው። «ዋጋ ጨመረ፣ ደመወዝ አላደገም» ብዬ ጻፍኩ። አስተባባሪያችን «ማን ጨመረ? የት አለ?» አለችኝ። «ዋጋ በኩባንያዎች ተጨመረ» ብዬ አስተካከልኩት፤ አሁን ደግሞ ለጆሮዬ ሻከረኝ። የቱ ይሻላል? «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ማለትስ ዋጋ ወረደ ማለት ነው? «ተራማጅ» የሚለውንስ ልተወው?

መልስ፦ ጆሮዎን ይመኑት። «በኩባንያዎች ተጨመረ» በሰዋስው ረገድ አያስነቅፍም፤ ግን ማንም ሰው አፉን ሞልቶ እንዲህ አይልም። አድራጊውን መናገር የፈለገ ሰው ከፊት ያመጣዋል፦ «ኩባንያዎቹ ዋጋ ጨመሩ»። ወደ «ተጨመረ» የሚሄደው አድራጊውን ካላወቀው ወይም መናገር ካልፈለገ ነው። በ«ተ» አድራጊውን ከደበቁ በኋላ በ«በ» መልሶ ማስገባት የቢሮ ደብዳቤ ልማድ ነው፤ ለመራጭ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።

አስተባባሪያችሁም እውነቷን ነው። «ጨመረ» አስቸጋሪ ግስ ነው። ራሱ ለራሱ ይቆማል፤ ተሳቢም ይቀበላል። «ስኳር ጨመረ» ብዬ ብቻ ብጽፍ አንዱ ሻዩ ላይ ስኳር ያደረገ ሰው ይታየዋል፣ ሌላው ስኳር መወደዱን ይረዳል። ልዩነቱን የምታወጣው «ን» ብቻ ናት። «ዋጋው ጨመረ» ሲባል ባለቤቱ ዋጋው ራሱ ነው። «ዋጋውን ጨመረ» ሲባል ግን ከጀርባ የሆነ ሰው አለ፣ ማንነቱም ይጠየቃል። «ቀነሰ»ም እንደዚሁ ነው። «ግብሩ ቀነሰ» እና «ግብሩን ቀነሰ» አንድ አይደሉም።

«ተወደደ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «ኑሮ ተወደደ» ሁላችንም በየቀኑ የምንለው ነው፤ ግን አድራጊ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። «በነጋዴዎች ተወደደ» ቢሉ ነጋዴዎች ወደዱት ማለት ይሆናል። አድራጊውን ለማስገባት ግሱን መቀየር ግድ ነው፦ «ኑሮውን አስወደዱት»። «ናረ»ም «አናረ» ይሆናል። በምርጫ ሰሞን ማን ምን አደረገ የሚለውን ለሰው ማሳየት የሚፈልግ ጸሐፊ ከ«ተወደደ»፣ «ናረ»፣ «አላደገም» ይልቅ «አስወደደ»፣ «አናረ»፣ «አላሳደገም» ጋር መዋል አለበት።

የእኔ ምርጫ ግን ሌላ ነው። ሰው ሲማረር ምን ይላል? «ጨመሩብን» ይላል። ይህች አንዲት ቃል ድርጊቱን፣ አድራጊዎቹንና ተጎጂዎቹን በአንድ ትንፋሽ ትይዛለች። «ብን» ጉዳቱ በማን ላይ እንዳረፈ ትናገራለች፤ «ልን» እና «ላቸው» ደግሞ ጥቅሙ ወደ ማን እንደሄደ። ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ለመራጭ ለመንገር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም፤ ምክንያቱም የፖሊሲ ክርክር ዞሮ ዞሮ ማን አደረገ፣ ለማን፣ በማን ላይ የሚል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2017 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ ኩባንያዎች ለፌዴራል መንግሥቱ የሚከፍሉትን የግብር ምጣኔ ከ35 በመቶ ወደ 21 በመቶ አውርዷል። «የኩባንያዎች ግብር ቀነሰ» ብለው ቢጽፉ እንደ አየር ጠባይ ዜና ያልፋል። «ኮንግረሱ የኩባንያዎቹን ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ አወረደላቸው» ቢሉ ግን አንባቢው «ለእኔስ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድም የስድብ ቃል የለበትም፤ «ላቸው» ብቻ ናት ሥራውን የሠራችው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ አጥብቄ የምለው ነው። «ጨመሩብን» ውስጥ ያሉት «እነሱ» ማን ናቸው? በንግግር «መብራት አጠፉብን» ስንል ስም አንጠራም፣ ሁሉም ገብቶታል። በምርጫ ወረቀት ላይ ግን ስም የሌለው «እነሱ» አደገኛ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የጠላውን ሰው ይሰካበታል፣ ስደተኛውንም፣ ጎረቤቱንም። ስለዚህ ባለቤቱን በስሙ ይጥሩት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1936 ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ሲናገር «እነሱ» ብሎ አልጀመረም። የንግድና የገንዘብ ሞኖፖሊን፣ አየር በአየር ንግድን፣ ኃላፊነት የጎደለውን የባንክ አሠራር አንድ በአንድ ጠርቶ ነው ከዚያ በኋላ «እኔን በመጥላት አንድ ሆነዋል፣ ጥላቻቸውንም በደስታ እቀበላለሁ» ያለው። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ አድማጩ አስቀድሞ ሰምቷል።

ስም መጥራት ደግሞ እውነቱን ከመያዝ ይጀምራል። ከ2021 እስከ 2022 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ዋጋ የናረው በአንድ ምክንያት አይደለም። በኮሮና ጊዜ የአቅርቦት ሰንሰለቱ ተበጣጥሷል፣ የተጠራቀመ የሸማች ፍላጎት ነበር፣ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ነዳጅና እህል ተወደደ፣ ትርፋቸውን ያሰፉ ኩባንያዎችም ነበሩ። ይህን ሁሉ «ኩባንያዎች ዋጋ ጨመሩብን» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጨቅ መራጩን መሸወድ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ «ዋጋ ናረ» ማለት ነውር የለውም፤ ከዚያ ማን ምን እንዳደረገ አንድ በአንድ ይከተል። ደመወዙ ላይ ግን አያመንቱ። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ከሐምሌ 2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከፍ የማድረግ ሥልጣን ያለው ኮንግረሱ ነው። ብዙ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ከዚያ በላይ ስላደረጉ «የፌዴራሉ» የምትለዋን ቃል እንዳይረሷት። «ደመወዝ አላደገም» የሚለውን ትተው «ኮንግረሱ ከ2009 ወዲህ የፌዴራሉን የደመወዝ ወለል አላሳደገም» ይበሉ።

የሚገርመኝ ተራማጆቹ ራሳቸው የሠሩትን ደግ ነገር በ«ተ» መቅበራቸው ነው። «የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ለኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍሉ ተደረገ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር በየወረቀቱ አያለሁ (ሜዲኬር በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ነው)። ማን አደረገ? ኮንግረሱ አጸደቀው፣ ፕሬዚዳንት ባይደን በነሐሴ 2022 ፈረሙበት። ይጻፋ! መራጭ ማን ምን እንደሠራለት ካላወቀ በምን ለይቶ ይመርጣል?

ወደ «ንረት» ልሂድ። አይደለም፣ «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ችግሩ ብዙ ሰው እንደዚያ መስማቱ ነው፤ በዕለት ንግግር «ንረት» ማለት ዋጋው ሰማይ መንካቱ ራሱ ስለሆነ «ቀነሰ» ሲባል ከሰማይ የወረደ ይመስላል። በዜናና በስታቲስቲክስ ግን ንረት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። በቁጥር እንየው። በሰኔ 2022 የአሜሪካ ዓመታዊ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በሰኔ 2023 ወደ 3 በመቶ ወረደ። በሰኔ 2021 በ100 ዶላር ይገዛ የነበረ ዕቃ በዓመቱ 109 ዶላር ከ10 ሳንቲም ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ «ቀንሶ» 112 ዶላር ከ37 ሳንቲም ገደማ ገባ። ገበያ ውላ የመጣች እናት «ንረት ቀነሰ» የሚል ወረቀት ሲደርሳት ውሸታም ብትላችሁ ምን ይፈረድባታል? «ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፤ አጨማመሩ ግን እንደ አምናው አይደለም» ብለው ይጻፉ። ረዘም ይላል፣ ግን ሰው ያምነዋል።

«ተራማጅ» ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ አይጣሉት። ግን በተማሪዎች ንቅናቄና በአብዮቱ ዘመን የነበረ አንባቢ ሲሰማው «አድኃሪ» የሚለው ጓደኛው አብሮ ይመጣበታል፤ ወጣቱ ደግሞ ጭራሽ ላይገባው ይችላል። እጩዋን አንዴ «ተራማጅ» ብለው ያስተዋውቁና ከዚያ በኋላ የምትፈልገውን ይንገሩን። ግብር ላይ ሲደርሱ ግን «ፕሮግሬሲቭ ታክስ»ን «ተራማጅ ግብር» ብለው እንዳይመልሱ፤ «ገቢ ከፍ ሲል ምጣኔውም ከፍ የሚል ግብር» ይበሉት።