መልስ፦ የሪቨር ክላስ ዲስትሮየሮች ፍጥነት ለምን ቀነሰ?

ወንድሜ «እንግሊዞች በሪቨር ክላስ (ዲስትሮየር ከሚባሉት ፈጣን ትናንሽ የጦር መርከቦቻቸው አንዱ ዓይነት) ከ30 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ወደ 25 ተኩል መውረዳቸው ወደ ኋላ መሄድ አይደለም ወይ» ላልከው፣ አይደለም። ያ 30 ኖት እኮ የሙከራ ቀን ቁጥር ነው፣ መርከቧ ቀለል ተደርጋ ባሕሩ ጸጥ ባለበት የተመዘገበ፣ ክፍት ባሕር ላይ ሲወጡ ግን ሌላ ጉድ ነው። ከሪቨር ክላስ በፊት የነበሩት ዲስትሮየሮች አፍንጫቸው እንደ ኤሊ ጀርባ ክብ ብሎ ዝቅ ያለ ስለነበር ማዕበል ሲመጣ ሰተት ብለው ይገቡበታል፣ ውሃው የፊት መድፉንም መድፈኞቹንም ያጥባቸዋል፣ እስቲ በዚያ ላይ ማን ያነጣጥራል? ቀፎውም ክብደት ለመቀነስ ሲባል ስስ ብረት ነው። በእ.ኤ.አ. 1901 ኮብራ የምትባለዋ የእንግሊዝ ዲስትሮየር ሰሜን ባሕር ላይ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች፣ ብዙ ሰውም አለቀ።

ጀርመኖች ደግሞ ኤስ 90 የተባለችውን የቶርፔዶ ጀልባቸውን ከፊት ከፍ አድርገው ሠርተው ነበርና እንግሊዞቹም ለሪቨር ክላስ ከፍ ያለ የፊት ዴክ ሰጡት፣ ቀፎውን አጠነከሩት፣ የፍጥነት ሙከራውንም ጭነት እንደያዘች አደረጉት። ስለዚህ 25 ተኩሉ የምር ነው። ኢንጅኑ በአብዛኛው ያው የድሮው ባለ ፒስተን ስቲም ነው፣ ከሪቨር ክላስ አንዷ በሆነችው ኤደን ላይ ግን የፓርሰንስ ተርባይን (በእንፋሎት የሚሽከረከር ሞተር) ገጥመዋል። እኔ እንደውም የመጀመሪያው እውነተኛ ዲስትሮየር ይሄ ነው ባይ ነኝ።